ባህር ዛፉ አፍንጫ አይከፍትም

ደሴ ውስጥ ጉንፋን ሲይዘን መጀመሪያ የሚታሰበው ባህር ዛፍ ነው፣ ቅጠሉ ይቀቀልና ጋቢ ተከናንቦ መታጠን፣ ከዛ "ኡፍፍ ተከፈተልኝ"። እኔም እላለሁ። ግን ወላሂ ሽታው የከፈተው ነገር የለም፣ ቀዳዳው ያው ነው። ዘይቱ (ቪክስ ውስጥ ያለው ሜንቶልም እንደዛው) የሚነካው ቲአርፒኤም8 የሚባለውን ቅዝቃዜ የሚለይ ተቀባይ ነው፣ እነ ዴቪድ ጁሊየስ 2021 ላይ ኖቤል የወሰዱት በዚህ ዓይነት ተቀባዮች ጥናት ነው። አፍንጫችን አየር መግባቱን የሚያውቀው በዋናነት ግድግዳው ሲቀዘቅዝ ነው።

ይሄን ያወቅኩት ከሀኪም ሳይሆን ከሲሙሌሽን ነው። ኮምቦልቻ ሜካኒካል ስንማር ሲኤፍዲ (የአየርና የፈሳሽ ፍሰትን በኮምፒውተር ማስላት) ማለት ቱቦና ፓምፕ ነበር፣ ለካ የሰው አፍንጫም ይሰራበታል። ሲቲ ስካን ትወስዳለህ፣ ስላይሰር የሚባል ሶፍትዌር ላይ (ነጻ ነው) አየሩን ከስጋው ትለያለህ፣ ሜሽ ትሰራለህ (አየሩን በጥቃቅን ክፍልፋዮች መከፋፈል ነው)፣ ከዛ ኦፕንፎም የሚባለው ፕሮግራም የፍሰቱን እኩልታ እየፈታ ላፕቶፕህን እንደ ምጣድ ያግለዋል። ጣጣው ሜሹ ላይ ነው፣ መተላለፊያው ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ግድግዳው ጋ በጣም ቀጫጭን ንብርብር ካላደረግክ የአየሩ ፍሰት ያማረ ይመስልና ሙቀቱ ግን ውሸት ይሆናል።

ሙቀቱ ነው ደግሞ ዋናው ጉዳይ። 10 ዲግሪ የነበረ የጠዋት አየር ጉሮሮ ጋ ሳይደርስ 30 ያልፋል፣ ያውም እርጥበት ጠግቦ። እንደኔ ስሌት በደሴ ጠዋት ውሃውን ለማትነን የሚሄደው ሙቀት አየሩን ለማሞቅ ከሚሄደው ሶስት እጥፍ ይበልጣል፣ ስለዚህ ትነቱን ሞዴሉ ውስጥ ካላስገባህ ባትሰራው ይሻላል። በነገራችን ላይ ፍሉየንት (ሌላው የሲኤፍዲ ሶፍትዌር) ሲከፈት የአየር ጥግግት 1.225 ኪሎ በሜትር ኩብ ብሎ ነው የሚጠብቅህ፣ የባህር ጠለል ቁጥር። እኛ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ወደ 0.92 አውርዱት።

እነ ካይ ዣኦ የሚባሉ ተመራማሪዎች 2014 ላይ ሰው "አፍንጫዬ ክፍት ነው" የሚለውን ከሞዴሉ ጋር ሲያስተያዩት አብሮ የሄደው የግድግዳው ቅዝቃዜ ነው። ውስጥ ያሉት እጥፋቶች (ተርቢኔት) ከልክ በላይ ተቆርጠውባቸው አፍንጫቸው ወለል ብሎ እያለ "ታፈንኩ" የሚሉ ሰዎች አሉ አይደል፣ ሀኪሙ መብራት አስገብቶ ያያል፣ ምንም የለም፣ "ጭንቀት ነው" ብሎ ይመልሳቸዋል። በጣም ነው የሚያናድደኝ። ሞዴሉ ላይ እኮ ይታያል፣ አየሩ መሃል በኩል ተሰብስቦ ያልፋል፣ የታችኛው ግድግዳ ብዙም አይነካም፣ አይቀዘቅዝም።

እና የአፍንጫ ሲቲ ስካን ያነሳችሁ ካላችሁ ፊልሙን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፣ ዳይኮም ፋይሉን (የስካኑን ዲጂታል ምስል) ሲዲ ላይ ስጡኝ በሉ፣ ከፊልም ሜሽ አይሰራም።