ወርውሮልኝ የሄደው ማኪያቶ

አንድ አዛውንት ከካፌው ሲወጡ ሱፐርቫይዘሯን ጠርተው «ልጁ ማኪያቶውን ወርውሮልኝ ሄደ» አሏት። አስተናጋጁ ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ከሲኒውም ጠብ ያለ ነገር የለም። «ይቅርታ ያድርጉልን ጋሼ» ብላ ሸኘቻቸውና ልጁን «ቀስ በል» አለችው። ቀስ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ እንግዳ «ይሄ ልጅ ማንን ነው ያኮረፈው?» ሲል ጠየቃት።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍራንክ ፖሊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተዋንያን በተለያየ ስሜት በር ሲያንኳኩና ሲጠጡ ተቀረጹ፤ ለተመልካች የቀረቡት ግን የክንዳቸውን እንቅስቃሴ የሚያሳዩ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ፊት የለ፣ ድምፅ የለ። ፍጥነቱ የሚያሳብቀው ስሜቱ የጋለ ወይም የቀዘቀዘ መሆኑን ነው። ደስ የሚል ወይም የሚከፋ መሆኑ ይበልጥ የተያያዘው ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ ተቀባብለው ከሚንቀሳቀሱበት መንገድ ጋር ነው። የተቆጣ የሚመስል እጅ ስለዘገየ ብቻ ትሁት አይሆንም፤ የደከመው ወይም የከፋው ይመስላል።

የልጁ ጣጣ የመጣው ከትሪው ነው። 4 ባለ ግማሽ ሊትር ውሃና 2 ማኪያቶ በአንዴ ይጭናል፤ ውሃው ብቻ ከነጠርሙሱ ከ2 ኪሎ ያልፋል። ውሃውን በአንድ ጠርዝ፣ ሲኒዎቹን በሌላው ስለሚደረድር አንዱ ሲኒ ሲነሳ ትሪው ወደ ውሃው ያዘነብላል። ቀኝ እጁ ሲኒውን በቅጡ ሳያሳርፍ ትሪውን ሊደግፍ ይሮጣል። እንግዳው የሚያየው ይህን የሚሸሽ እጅ ነው። ቀስ ሲልም ትከሻው እንደተገተረ ይቀርና አንጓው ብቻ ይሠራል።

ማስተካከያው ጭነቱን ለሁለት ከፍሎ ውሃውን ትሪው መሀል፣ ወደ ደረት አስጠግቶ ማስቀመጥ ነው። በእንግዳው ቀኝ ቆሞ፣ ትሪውን ወደ ኋላ አርቆ፣ ከወገብ ትንሽ ጎንበስ ሲባል ትከሻና ክርን አብረው ይወርዳሉ። ትንሿ ጣት ጠረጴዛውን ቀድማ ትንካ፤ የሲኒው ማስቀመጫ ሳህን በአንድ ጠርዙ ይረፍ፣ ከዚያ በሙሉ። የሲኒው እጀታ ወደ እንግዳው ቀኝ ይዙር። ዋናው ግን ጣቶቹ ሲኒው መንቀሳቀሱን ሳያቆም እንዳይለቁት ነው።

ለታላቅ በሁለት እጅ መስጠት ወጉ ቢሆንም ግራው ትሪ ስለያዘ አይመችም፤ ጎንበስ ማለቱ ይተካዋል። ሂሳብ ሲቀርብ ግን ትሪ የለም፤ ያኔ በሁለት እጅ ነው።