በአባቴ ደብተር ውስጥ ያለችው አንድ ዶላር

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ለአባቴ አዲስ ደብተር ገዝቼላቸው ገባሁ። ይህ አምስተኛው ነው። አራቱ በአልጋቸው ራስጌ ባለው መሳቢያ ውስጥ በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፤ በየገጹ ከላይ ቀን፣ ከቀኑ ሥር ሦስት ቁጥሮች፣ ከቁጥሮቹም ሥር አባቴ በእርሳስ የሠሯቸው የመደመርና የመቀነስ ስሌቶች አሉ። ሦስቱ ቁጥሮች፣ ጄፓርዲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ተወዳዳሪዎቹ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ሲገቡ የያዙት ገንዘብ ናቸው። ደብተሩን ለማያውቅ ሰው የሱቅ ሂሳብ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ከአባቴ ጋር ያሳለፍኳቸው የምሽቶች መዝገብ ስለሆነ፣ አምስተኛው ሳይጀመር ስለ እርሱ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ። (ቀኖቹንና ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።)

አባቴ ደሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሂሳብ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ2017 እኛ ወዳለንበት፣ አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማታ ማታ እኔና እህቴ ውድድሩን ስናይ አብረውን ይቀመጡ ነበር፤ ነገር ግን ስለ አሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች፣ ስለ ድሮ ዘፋኞች፣ በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ስለሚሠራ ቅኔ መሰል ጨዋታ የሚጠየቀው ሁሉ ከእርሳቸው የራቀ ነበር። አልፎ አልፎ ስለ አገራችን ሲጠየቅ ብቻ ከሁላችንም ቀድመው ይመልሱና ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ይከብደኝ ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ ሲያስረዳ የኖረ ሰው እንግዳ ሆኖ ሲቀመጥ ማየት ለልጅ ቀላል አይደለም። አንድ ማታ ታዲያ ከመጨረሻው ጥያቄ በፊት ማስታወቂያ ሲገባ፣ «እነዚህ ልጆች አሁን የሚጽፉት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። ከመጨረሻው ጥያቄ በፊት ለተወዳዳሪዎቹ የሚነገራቸው ጥያቄው ከየትኛው ርዕስ እንደሚመጣ ብቻ ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሌሎቹ ሳያዩ ካለው ገንዘብ ምን ያህሉን እንደሚያስይዝ ይጽፋል። ጥያቄው ሲገለጥ ለመልሱ 30 ሰከንድ አላቸው። የመለሰ ያስያዘው ይጨመርለታል፣ የተሳሳተ ይቀነስበታል። በመጨረሻ ብልጫ ያለው ሰው ገንዘቡን በሙሉ ወስዶ ለሚቀጥለው ውድድር ይመለሳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ምንም ያህል ቢሰበስቡ በዚያን ጊዜ የሚሰጣቸው 2,000 እና 1,000 ዶላር ብቻ ነበር። አባቴ በጥሞና ሰምተው፣ «ታዲያ ይህን ሂሳብ ማን ያስተምራቸዋል?» አሉና እርሳስ ጠየቁኝ።

ከሁሉም በላይ የተከራከርንበት ውድድር በሰኔ 3 ቀን 2019 የተላለፈው ነው። በዚያ የጸደይ ወቅት ሁላችንም የምናወራው ስለ አንድ ሰው ነበር። ጄምስ ሆልዝሃወር በላስ ቬጋስ የሚኖርና በስፖርት ውርርድ የሚተዳደር ሰው ነው፤ የጥያቄዎቹ ሰሌዳ ላይ ከከባዶቹ ጀምሮ ዴይሊ ደብል የተባሉትን፣ ተወዳዳሪው ያሻውን ያህል ገንዘብ የሚያስይዝባቸውን የተደበቁ ዕድሎች እያሳደደ፣ ሲያገኛቸው ያለውን በሙሉ ወይም አብዛኛውን ያስይዝ ነበር። ሚያዝያ 17 በተላለፈው ውድድር ብቻ 131,127 ዶላር አሸንፏል። አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ጥያቄ የሚገባው ሁለተኛው ገንዘቡን እጥፍ ቢያደርግ እንኳ በማይደርስበት ርቀት ስለነበር፣ የአባቴ እርሳስ በእርሱ ውድድሮች ላይ ብዙም ሥራ አልነበረውም። 32 ጊዜ አሸንፎ 2,462,216 ዶላር ሰበሰበ፤ ኬን ጄኒንግስ በ2004 በ74 ድል ከሰበሰበው 2,520,700 ዶላር ጋር የቀረው ልዩነት 58,484 ነበር።

በዚያ ምሽት ግን የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደረስ ኤማ ቦትቸር የተባለች የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ 26,600፣ ሆልዝሃወር 23,400፣ ሦስተኛው ተወዳዳሪ 11,000 ዶላር ይዘው ነበር። ሦስቱም መልሱን አገኙት። እርሷ 20,201 አስይዛ 46,801 ላይ ደረሰች። ሆልዝሃወር ያስያዘው ሲገለጥ የተጻፈው 1,399 ብቻ ሆኖ ተገኘ። የአጎቴ ልጅ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «አውቆ ለቀቀ!» አለ። እኔም ከእርሱ ጋር ሆንኩ። በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚያስይዝ ሰው የጄኒንግስን ክብረ ወሰን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው እንዴት ሺህ ምናምን ዶላር ያስይዛል? «ፈራ» ብዬ ፈረድኩበት።

አባቴ እኛ እስክንጨርስ ጠበቁን። ከዚያ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሆነው፣ «መጀመሪያ ልጅቷ ምን ታስይዛለች?» አሉ። ሆልዝሃወር ያለውን በሙሉ አስይዞ ቢመልስ 46,800 ይሆናል፤ ስለዚህ እርሷ ያንን በአንድ ዶላር ለመብለጥ 20,201 ታስይዛለች። እርሷ ከመለሰች እርሱ ምንም ቢያስይዝ አይደርስባትም። ተስፋው እርሷ ስትሳሳት ብቻ ነው፤ ስትሳሳት ደግሞ 6,399 ይቀራታል፣ ያኔ እርሷን ለመብለጥ ብዙ ማስያዝ አያስፈልገውም። «እንግዲህ የሚፈራው ማንን ነው?» አሉ አባቴ። ማንም አልመለሰም። «ሦስተኛውን! 11,000ውን እጥፍ ቢያደርግ ስንት ይሆናል? አሁን ከ23,400 ላይ 1,399 ቀንሱልኝ።»

ቀነስኩ። 22,001 መጣ። ሰውየው ቢሳሳት እንኳ ሦስተኛው ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ ቁጥር በአንድ ዶላር እንዲበልጥ አድርጎ፣ ሊያሸንፍበት የሚችልበትን ብቸኛ መንገድ ጠብቆ ነበር የጻፈው። የአጎቴ ልጅ ተቀመጠ። እኔ ያፈርኩት ስሌቱን ስላልሠራሁት አልነበረም፤ ያስያዘው ገንዘብ ስላነሰ ብቻ የአንድን ሰው ልብ የለካሁ መስሎኝ ስለነበር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ አዲስ ደብተር በጀመሩ ቁጥር እነዚያን ሦስት ቁጥሮች መጀመሪያው ገጽ ላይ ይገለብጧቸዋል።

ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን የድሮዎቹን ውድድሮች ቁጥሮች ማሰስ ጀመርን፤ ከነዚህም እስካሁን ያልተስማማንበት የጄኒንግስ የመጨረሻ ቀን ነው። ኅዳር 30 ቀን 2004 በተላለፈው ውድድር ጄኒንግስ 14,400፣ ናንሲ ዘርግ 10,000 ዶላር ይዘው ወደ መጨረሻው ጥያቄ ገቡ። እርሱ 5,601 አስያዘ፤ ቢመልስ 20,001 ይሆናል፣ እርሷ እጥፍ ብታደርግም በአንድ ዶላር ይበልጣታል። እርሷ 4,401 አስይዛ መለሰችና 14,401 ሆነች፤ እርሱ ተሳስቶ ወደ 8,799 ወረደ። ዓለም ሁሉ ያስታወሰው መልሷን ነው። አባቴ ግን ቁጥሮቹን ጽፈው ብዙ ካዩአቸው በኋላ፣ «ምንም ባታስይዝስ ኖሮ?» አሉ።

በእርግጥም ዜሮ ጽፋ ብትቀመጥ 10,000 ከ8,799 ይበልጣል። አባቴ ይህን ወደ ሕግ ለወጡት፤ ሁለተኛው ሰው የመሪውን ሁለት ሦስተኛ ካለፈ፣ መሪው ራሱን ለመከላከል የሚያስይዘው ገንዘብ በስህተቱ ጊዜ ከሁለተኛው በታች ይጥለዋል፣ ስለዚህ ሁለተኛው በቦታው ረግቶ መጠበቅ ይችላል። የ14,400 ሁለት ሦስተኛ 9,600 ነው፤ ዘርግ አልፋዋለች። 4,401 አስይዛ ጄኒንግስም እርሷም ቢሳሳቱ ግን 5,599 ይዛ ትሸነፍ ነበር። እህቴ በዚህ አትስማማም። ጄኒንግስ ምንም ሳያስይዝ 14,400 ላይ ቢቀመጥስ? ዘርግ የጻፈችው ቁጥር መልሱን ስታገኝ ያንን በአንድ ዶላር ያስበልጣታል፤ 74 ጊዜ ያልተሸነፈ ሰው ይሳሳታል ብሎ ከመጠበቅ በራስ ዕውቀት መታመን ይሻላል ትላለች። አባቴ፣ «መሪ የሆነ ሰው አይቀመጥም፤ ሁለተኛው እጥፍ እንዳያደርግበት ይሰጋል» ይሏታል። እኔ በስሌቱ ከአባቴ ጋር ነኝ። ሆኖም ያን ሰው ከጎኗ አቁማ፣ በማስታወቂያ ዕረፍት ውስጥ፣ ቁጥሯን ያሰላችውን ሴት ሳስብ፣ እኛ ሶፋ ላይ ተደላድለን ለሰዓታት የሠራነውን ስሌት በእርሷ ላይ መጫን ይከብደኛል። የራሷን ዕውቀት አመነች፤ ዕውቀቷም አላሳፈራትም።

በደብተሩ ውስጥ ስሌት የማይበዛበት አንድ ገጽ አለ። መጋቢት 16 ቀን 2007 በተላለፈው ውድድር መሪው ስኮት ዋይስ 13,400፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 8,000 ዶላር ነበራቸው። ሁለቱም ያላቸውን በሙሉ አስይዘው መለሱና 16,000 ደረሱ። ዋይስ 2,601 ቢያስይዝ ብቻውን ያሸንፍ ነበር፤ የጻፈው ግን 2,600 ነው። ሦስቱም 16,000 ይዘው እኩል ሆኑ፤ በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ሦስቱም አሸናፊዎች ተብለው፣ እያንዳንዳቸው ሙሉ ገንዘባቸውን ወስደው፣ ለሚቀጥለው ውድድር ተመለሱ። በ2014 መገባደጃ ሕጉ ተቀይሮ እኩል የወጡትን የሚለይ ተጨማሪ ጥያቄ ስለገባ ይህ ዛሬ አይሆንም። የአጎቴ ልጅ ነገሩን የሰማ ጊዜ፣ ነገ የሚመለስ ተፎካካሪን በገዛ እጅ ማቆየት ምን ይባላል ብሎ ተከራከረ። አባቴ መልስ አልሰጡትም፤ ከቁጥሮቹ ሥር በንጹሕ የሰሌዳ ጽሕፈታቸው «አንድ ዶላር ተወ» ብለው ጻፉ። ስለ ሌሎቹ ሁሉ የጻፉት ቁጥር ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ አዲሱን ደብተር ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው የመጀመሪያውን ገጽ ከፍተው 26,600፣ 23,400 እና 11,000 ብለው ጻፉ። በዚህ ጊዜ ግን ስሌቱን ራሳቸው አልሠሩትም፤ አሥራ አንድ ዓመት የሞላውን የእህቴን ልጅ ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡትና፣ «አንተ መካከለኛው ነህ። ስንት ታስይዛለህ?» አሉት። ልጁ አማርኛውን ቀስ እያለ ተረድቶ፣ ምላሱን በከንፈሮቹ መካከል ይዞ ረጅም ጊዜ ሠራ። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ልነግረው ፈልጌ ራሴን ያዝኩ። በመጨረሻ 1,400 ብሎ ጻፈና ቀና አለ። አባቴ ቁጥሩን አይተው ምንም አላሉም፤ ጣታቸውን 11,000 ላይ አድርገው፣ «ይህ ሰው እጥፍ ቢያደርግስ?» አሉት። ልጁ 22,000 አለ። «አንተስ ብትሳሳት?» ቀነሰና እርሱም 22,000 ሆነበት። ሁለቱን ቁጥሮች ትንሽ አያቸው፤ ከዚያ ላጲሱን አንሥቶ 1,400ን አጠፋና በቦታው 1,399 ብሎ ጻፈ።