ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ
ከአገር ቤት የሚደውል ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «አሜሪካ አማርኛ ከለከለች አሉ፣ እውነት ነው?» አልከለከለችም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ማርች 1 ቀን 2025 በፈረሙት ትዕዛዝ እንግሊዝኛ ይፋዊ ቋንቋ ተባለ፤ በፌዴራል ደረጃ ከዚያ በፊት እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ክሊንተን በ2000 የፈረሙት፣ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው መላ እንዲያበጁ የሚያዘው ትዕዛዝም አብሮ ተሻረ። አዲሱ ወረቀት ግን ማንም አገልግሎቱን እንዲያቋርጥ አያስገድድም፤ ውሳኔውን ለየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው የተወው።

የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ ሕግ አይሽርም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ቦታው ላይ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ አጣዳፊ አደጋ ካልሆነ በቀርም ልጅን ማስተርጎም አይችልም። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ከምትሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

አንጀት የሚያቆስለው ይህ ሁሉ እያለ የአሥር ዓመት ልጅ ይዞ ሐኪም ፊት መቀመጥ ነው። ልጁ የሚያውቀው «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ጫማህን አውልቅ» የሚለውን የቤት አማርኛ ነው። ሐኪሙ ኩላሊት ሲል ልጁ «ሆድ» ይላል፤ ጉበት ሲልም «ሆድ» ነው። እናት የማህፀኗን ነገር በወንድ ልጇ አፍ ማናገር ያሳፍራታልና «ደህና ነኝ በለው» ትላለች፤ ሐኪሙም ደህና ናት ብሎ ይጽፋል። ፈረንጁ አልገባንም ስንለው ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ ቃሉን አይቀይርም። እኛም ሳይገባን ራሳችንን እየነቀነቅን «ኦኬ» እንላለን። ይሉኝታ እዚህ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ያኔውኑ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ። ሁለት ቀን ሲቀረው ደውላችሁ አረጋግጡ፤ የደረሳችሁ ዕለት ፊት ለፊት ያለችውን ሠራተኛ ድገሙላት። በስልክ ሲያገናኟችሁ መጀመሪያ የአስተርጓሚውን መለያ ቁጥር ጻፉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ቆም በሉ፤ ስታስረዝሙት ግማሹ ይቀራል። የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ አስተርጉሙት፤ ስህተቱ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

ዲቪ ደርሷችሁ «ሄጄ ትራክ እነዳለሁ» የምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። እዚያ ላይ እንግሊዝኛ የግድ ነው። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ፈተና ያላለፈ ሾፌር መኪናውን እዚያው ያቆማል። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያናግራችኋል፦ ከየት መጣህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ። አስተርጓሚም፣ የስልክ መተርጎሚያም አይፈቀድም። ቀጥሎ የመንገድ ምልክት እያሳየ ትርጉሙን ይጠይቃል። በቀስት የሚናገሩትን ተዉአቸው፤ የሚጥሉት ጽሑፍ ያለባቸው፣ መንገድ መዘጋቱን ወይም የድልድይ ክብደት ገደብን የሚነግሩት ናቸው። እነሱን አዲስ አበባ ሳላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።