ሳልዘራው የበቀለው

ዛሬ ግቢዬን ላርም ቁጢጥ ብዬ የመጀመሪያውን ልነቅል ስል እጄን ሰበሰብኩ። ለካ የአምናው የኮስሞስ አበባ ነው! ቅጠሉ እንስላል የሚመስል፣ ሳልዘራው አጥሩ ስር ድረስ ፈልቷል። አምና እማዬ «አበባው ደረቀ እኮ፣ ንቀይው፣ ግቢው ቆሸሸ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ዘሩ ይርገፍ ብዬ የተውኩት ነው። አበባው ይደርቃል፣ ዘሩ በጋውን አፈር ውስጥ ተኝቶ የሰኔ ዝናብ ሲነካው ይነሳል። አደይስ ያው አይደል? የጎንደርን ተራራ በመስከረም ቢጫ የሚያለብሰውን ማን ዘራው?

ብቻ ተጠጋግቶ ስለበቀለ በስንዝር በስንዝር አሳሳሁትና የተነቀለውን ከነአፈሩ ለጎረቤቴ ሰጠሁ። እማዬ በረንዳ ላይ ሆና ታየኛለች፤ አሁንም «ያንን ሣርሽን» ነው የምትለው 😂