የፑሳን እረኞችና የደቻቱ አሸዋ፦ የሦስት ወር ልምምድ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኒኮላ ፑሳን እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ መጨረሻ የሣለውንና በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘውን የአርካዲያ እረኞች ሥዕል ከታተመ ቅጂ እያየሁ በአክሬሊክ ቀለም መገልበጥ ከጀመርሁ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አርካዲያ ገጣሚዎች የሰላምና የደስታ የእረኞች አገር አድርገው የሚያወድሷት የግሪክ ገጠር ናት። በሥዕሉ ሦስት እረኞችና አንዲት ሴት በገጠር የቆመ የድንጋይ መቃብር ከበው በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ ይመረምራሉ፤ ትርጉሙ «እኔም በአርካዲያ አለሁ» የሚል ሲሆን፣ ተናጋሪው ሞት ነው የሚሉ አሉ፣ በውስጡ የተቀበረው ሰው ነው የሚሉም አሉ።

ፑሳን ይህንኑ ጉዳይ ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት ሲሥለው ከመቃብሩ አናት ላይ የራስ ቅል አስቀምጦ ነበር። በሉቭሩ ሥዕል ግን ቅሉ የለም፤ የሚቸኩልም የሚደነግጥም ሰው የለም፤ ይልቁንም ተንበርክኮ ፊደሎቹን በጣቱ የሚከተለው እረኛ የክንዱ ጥላ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ማጭድ ይመስላል። እኔ ይህን ያስተዋልሁት በሁለተኛው ወር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጥላውን ጥቁር ቀብቼ አልፌው ነበር።

ከዚያ በኋላ የራሴን ሞከርሁ፤ ድሬዳዋ ባለው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ፍየል የሚጠብቁ ሁለት ልጆች። ሐዘን እንዲሰማ ብዬ የደረቀ ግራር፣ የበሬ ቅልና አሞራ ጨመርሁበት፤ ታናሽ እህቴ አይታ «ይሄ ሁሉ ምን ሞቶ ነው?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው በዚሁ ወንዝ ዳር ስለሆነ፣ ያንን የሚያስታውስ የድሬ ሰው ባዶ አሸዋውን ሲያይ የበሬ ቅል አያስፈልገውም። ሦስቱንም በነጭ ሸፈንኋቸው።

የቀረው ብርሃኑ ነው። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ጥላ ከእግር ሥር ስለሚሰበሰብ ንድፌ ሁሉ ደረቅ ሆኖብኝ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ እየወጣሁ መሥራት ጀመርሁ፤ በዚያ ሰዓት የልጆቹ ጥላ ከቁመታቸው በላይ ይረዝማል። ጥላውንም በጥቁር ማጨለሙን ትቼ በአሸዋው ቢጫ ላይ ሰማያዊና ጥቂት ቀይ ስቀላቅል ሙቀቱን ሳያጣ ወደ ወይን ጠጅ አደላልኝ። (ቀዩ ትንሽ ከበዛ ግን ጭቃ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ አበላሽቻለሁ።)

አሁን የትልቁ ልጅ ጥላ የትንሹን እግር ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ላስነካው ወይስ ክፍተቱን ልተወው የሚለውን ገና አልወሰንሁም።