በእግር ሰዓት የተለካ ካርታ

ወሎ ውስጥ ደላንታ ላይ ስሠራ የስንዴ ዘር ማከፋፈያ ቦታ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። መጋዘኑን መሃል አድርጌ ካርታዬ ላይ የአምስት ኪሎ ሜትር ክብ ሣልኩና በክቡ ውስጥ ያሉት ጎጦች ሁሉ ከዚያ እንዲወስዱ መደብኩ። አንዷ ጎጥ አራት ኪሎ ሜትር ላይ ነበረች። ችግሩ፣ ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ገደል ማዶ መሆኗ ነው።

የዚያች ጎጥ ገበሬዎች የደረሱት መጋዘኑን ልንዘጋ ስንል ነው። አህያ ጭኖ ያን ቁልቁለት በጨለማ መውረድ አይታሰብምና በረንዳው ላይ አደሩ። በጣም አፈርኩ። አንድ አባት ፊቴን አይተው፣ «አብሽር ልጄ፣ ና ላሳይህ» አሉኝ።

በዱላቸው መሬቱን ጫር አድርገው ጠጠር ደረደሩ። «ይቺ ቤቴ ናት፤ በዶሮ ጩኸት ወጣሁ። እዚህ ፀሐይ ወጣችብኝ። ወንዙ ጋ አህዮቹን አጠጣሁ። ከዚህ በላይ አቀበት ነው።» ከወንዙ እስከ መጋዘኑ ያሉት ጠጠሮች በጣም ተራርቀው ነበር፤ የሚያደክመው መንገድ ሰፊ ቦታ ወስዷል።

እኔ ካርታ ስወድ ለጉድ ነው፤ በተለይ ከተለመደው ወጣ ያለውን። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1881 ያወጣውን የዓለም ካርታ ስንቴ አይቼዋለሁ! ከለንደን ተነስቶ በአሥር ቀን የሚደረስበት አገር አንድ ቀለም፣ በሃያ ቀን የሚደረስበት ሌላ፣ ከአርባ ቀን በላይ የሚፈጀው ደግሞ ሌላ ቀለም አለው። የማርሻል ደሴቶች ባሕረተኞች ደግሞ ቀጫጭን እንጨት እያሰሩ የሞገዱን አካሄድ፣ በዛጎል ደሴቶቹን ያሳዩ ነበር፤ በቃላቸው ይዘውት፣ እሱን ትተው ነው ባሕር የሚወጡት። ይህን ሁሉ እያደነቅሁ፣ ለገዛ ሥራዬ ግን በኮምፓስ ክብ ሣልኩ።

በማግስቱ ከየጎጡ የመጣውን ሁሉ «ስንት ሰዓት ተነሳችሁ? የት አረፋችሁ?» እያልኩ ጠየቅሁ። የአንድ ሰዓት፣ የሁለት ሰዓት፣ የግማሽ ቀን መንገድ እያልኩ በቀለም ለየሁት። ክቤ ጠፋ፤ በምትኩ እንደተቀደደ የኮባ ቅጠል ያለ ቅርጽ ወጣ፤ በሜዳው በኩል ረዝሞ፣ በገደሉ በኩል እስከ መጋዘኑ ደጃፍ የተሰነጠቀ። ለቀጣዩ ዙር ማዶ ላይ ሁለተኛ ማከፋፈያ ተከፈተ።

እዚያ ስሄድ ካርታውን ለእኒያ አባት አሳየኋቸው። ጠጠራቸውን እንደሚፈልጉ ሁሉ በጣታቸው መንገዱን ተከተሉት።

«ሾላዋስ? ሰው ሁሉ የሚያርፍባት ሾላ የታለች?»

እርሳሱን ሰጠኋቸው።