ባንኮክ ስትሄዱ እጅና እግራችሁን ጠብቁ

አክስቴን ለሕክምና ባንኮክ ይዣቸው ስሄድ ከቪዛውና ከሐኪም ቀጠሮው እኩል ያሳሰበኝ የአገሩ ሥርዓት ነበር። ሰው ቤት በእንግድነት የገባ የቤቱን ወግ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ እየተመላለሱ ልብስ የሚያመጡ ነጋዴዎችን ጠየቅኩ፤ እዚያ ከደረስን በኋላም የአገሬው ሰው የሚያደርገውን ቆም ብዬ እያየሁ ተከተልኩ።

ለእኛ ብዙው ነገር እንግዳ አይደለም። ቤትም ቤተ መቅደስም ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ታናሽ ታላቁን ቀድሞ እጅ ይነሳል፤ ወጡ መሃል ተቀምጦ አብሮ ይበላል። ሰላምታቸው «ዋይ» ሁለቱን መዳፍ ገጥሞ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው። ነርሷ እንዲያ ስታደርግላቸው አክስቴ ማንም ሳይነግራቸው እጃቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉ።

የሚከብደው የለመድነውን ፍቅር መግታት ነው። እኛ ሕፃን ስናይ ራሱን እንዳብሳለን፤ በታይላንድ ግን ራስ የሰውነት ሁሉ የከበረ ክፍል ስለሆነ የማያውቁትን ልጅ ራስ መንካት ነውር ነው። እግር ደግሞ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። በእግር ዕቃ ማመልከት ወይም ውስጥ እግርን ወደ ሰው ማዞር ያስከፋል። መሬት ላይ የተንከባለለ ሳንቲም እንኳ በጫማ ረግጦ አይቆምም፤ የንጉሥ ምስል አለበትና።

በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ ዋት ፕራ ኬውን ስንጎበኝ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ለብሰን ነው የሄድነው። ውስጥ ሰዉ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ወደ ኋላ አጥፎ፤ ወደ ቡድሃው ምስል አይዘረጋም። የአክስቴ ጉልበት አይታጠፍም። ከኋላ ግድግዳው ጥግ ወሰድኳቸውና ጎናቸውን ሰጥተው፣ እግራቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፤ ስገዱ ያለን የለም። ዝም ብሎ በክብር መቀመጥ ይበቃል። ፎቶ እዚያ ውስጥ ክልክል ነው።

ሴቶች ልብ በሉ፤ መነኩሴ ሴት አይነካም፣ ከእጇም በቀጥታ አይቀበልም። በባቡርም ጎኑ አትቀመጡ።

በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት ላይ በባቡር ጣቢያና በመናፈሻ ብሔራዊ መዝሙር ይሰማል። ሰዉ ባለበት ሲቆም አብራችሁ ቁሙ። ስለ ንጉሡ ግን በቀልድም በፌስቡክም ክፉ አትናገሩ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ለአንድ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

ገበያ ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ ንቀት ይመስላል፤ በፈገግታ ተከራከሩ። ዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ ጥሎ መሄድ ግን አይገባም።

ጎረቤቴ ለሳሎን ጌጥ የሚሆን የቡድሃ ራስ እንዳመጣላት አደራ ብላኝ ነበር። ቡድሃ ጌጥ እንዳልሆነ ባንኮክ ውስጥ በትልልቅ ሰሌዳ ተጽፎ ይታያል፤ ሐውልቱን ከአገር ለማስወጣትም የሥነ ጥበብ መምሪያው ፈቃድ ያስፈልጋል። ደውዬ ስነግራት ገባት። የሐር ሻሽ ገዛሁላት።